ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር የሚያልፈው ጊዜ

አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ» ብሎ ይጽፋል። ሁሉንም በአንድ ፍለጋ ለማግኘት ለኮምፒውተሩ [ፀጸ][ሐሀኀ]ይ ብለን እንሰጠዋለን፤ ይኸውም በመጀመሪያ ከሁለቱ «ፀ»ዎች አንዱ፣ ቀጥሎ ከሦስቱ «ሀ»ዎች አንዱ፣ በመጨረሻም «ይ» ማለት ነው። እንዲህ ያለው የፍለጋ ንድፍ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል።

ኮምፒውተሩ ግን ንድፉን እንደተጻፈ አይሠራበትም። አስቀድሞ ተንትኖ ወደ ትእዛዞች ይለውጠዋል፤ ይህም ማጠናቀር ነው። ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ንድፍን ወደ አይቢኤም 7094 የማሽን ቋንቋ የሚያጠናቅር ዘዴ አቅርቧል። አንድ ጊዜ ተደክሞ ረጅም ጽሑፍ በፍጥነት ይፈተሻል። ዝግጅቱ ከፍለጋው የበለጠ ጊዜ ሲወስድስ?

ፓይተንን እንመልከት። ይህ ቋንቋ የተተረጎመን ሞጁል በዲስክ ላይ ያኖራል፤ የተጠናቀሩ ንድፎችን ግን አያኖርም። ስለዚህ በሞጁሉ አናት ላይ የተደረደሩ ንድፎች፣ ተፈለጉም አልተፈለጉም፣ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠናቀራሉ። 300 ንድፎች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊሰከንድ ቢፈጁ ድምሩ 0.3 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ለአንድ ሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ፕሮግራሙን ሌላ ፕሮግራም 1000 ጊዜ ቢጠራው ግን 5 ደቂቃ በከንቱ ያልፋል።

የባሰም አለ። ጽሑፉ በ«ሀ» እና በ«ለ» ብቻ የተጻፈ ነው እንበል፤ ንድፋችን «ከመጨረሻው 20ኛው ፊደል ሀ ይሁን» ይላል። አንብቦ ወደ ኋላ የማይመለስ መሣሪያ ምንጊዜም የመጨረሻዎቹን 20 ፊደላት ማስታወስ ስላለበት 1,048,576 ልዩ ልዩ ሁኔታዎች ያስፈልጉታል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ በሰንጠረዥ ማዘጋጀት ከንቱ ድካም ነው። ጂኤንዩ ግሬፕም ሆነ የጉግል አርኢ2 ከዚህ የሚያመልጡት እያንዳንዱን ሁኔታ የሚነበበው ጽሑፍ ሲጠይቀው ብቻ በመሥራት ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊውም ይህንኑ ማድረግ ይችላል፦ ንድፉን መጀመሪያ በተፈለገበት ቦታ አጠናቅሮ ውጤቱን ማቆየት። ይሁንና ዋጋ አለው። ሲከፈት ይጋለጥ የነበረ የንድፍ ስሕተት ተደብቆ ቆይቶ በተጠቃሚው እጅ ላይ ይፈነዳል፤ ስለሆነም ንድፎቹን ሁሉ አጠናቅሮ የሚፈትሽ የሙከራ ፕሮግራም አብሮ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን መለካት ይገባል። ፓይተን ከ3.7ኛው ዕትም (እ.ኤ.አ. 2018) ጀምሮ እያንዳንዱ ሞጁል ሲጫን የፈጀውን ጊዜ በማይክሮሰከንድ የሚዘረዝር አማራጭ አለው። ጥፋተኛው ንድፍ ሳይሆን ማንም የማይጠቀምበት ሌላ ሞጁል ሆኖ ሊገኝም ይችላል።