የደጋውን ግንደ ቆርቁር እንዴት እንለየው?

ወዳጆች፣ ከምትልኩልኝ የወፍ ፎቶዎች ጋር ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «አናቱ ቀይ ነው፣ የትኛው ግንደ ቆርቁር ይሆን?» አናቱን ለጊዜው ተዉትና ደረቱንና የጅራቱን መነሻ እዩልኝ።

ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ሰፈር ልታገኟቸው የምትችሉት የተለያዩ የግንደ ቆርቁር ዝርያዎች ወንዶቻቸው አናታቸው ወይም ማጅራታቸው ላይ ቀይ አላቸው። ስለዚህ ቀዩ አናት ዝርያውን ለመለየት ብቻውን አይበቃም።

የደጋው ግንደ ቆርቁር የምለው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘውን የአቢሲኒያ ግንደ ቆርቁርን ነው። የሳይንስ ስሙን በ1814 እ.ኤ.አ. አገኘ። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥድና ኮሶ ባለበት ደጋ ይኖራል፤ ቁልቋል ባለበትም ይገኛል። መናገሻ ሱባ ወይም ባሌ ዲንሾ የሄደ ሰው ሊያገኘው ይችላል።

እንግዲህ ሁለት ምልክት ያዙ፦

🔸 የጅራቱ መነሻ ቀይ ነው። ካርዲናል የሚባለው ትንሹ ግንደ ቆርቁርም ሆነ የቆላው የኑቢያ ግንደ ቆርቁር ይህ የላቸውም።

🔸 ከደረቱ እስከ ሆዱ ወደ ታች የወረዱ ቡናማ ጭረቶች አሉት። የጅራቱ መነሻ ቀይ የሆነ ሌላም የደጋ ዝርያ አለ፤ እሱ ግን ራሱና ደረቱ ጭረት የሌለበት ግራጫ ነው፣ ሆዱ ላይም ቀይ አለው።

ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ ከተገኙ አትጠራጠሩ። ጀርባውም ወርቃማ አረንጓዴ ነው።

ችግሩ ወፉ ግንድ ላይ ተለጥፎ ሲቆረቁር የታጠፈው ክንፉ የጅራቱን መነሻ ቀይ መሸፈኑ ነው። ጠንካራውን ጅራቱን እንደ ምርኩዝ ግንዱ ላይ ተክሎ፣ ቅርፊቱን እየነቀለ ትል ሲፈልግ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። ወደ ሌላ ግንድ ሲነሳ ክንፉ ይከፈታል፣ ቀዩም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶ ማንሳት ያለባችሁ ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ደረቱን ከጎን አንሱት።

ይህን አጥብቄ የምለምናችሁ በሴቷ ምክንያት ነው። የአቢሲኒያ ግንደ ቆርቁር ሴት ራሷ ላይ ቅንጣት ቀይ የላትም፣ አናቷ ቡናማ ነው። ቀይ አናት ብቻ የሚፈልግ ሰው እሷን አይቶ ተራ ወፍ መስላው ያልፋታል። ደረትና የጅራት መነሻ የሚያይ ግን ወንዱንም ሴቷንም ይለያል።

ፎቶ ስትልኩ ቦታውንና ወፉ ያረፈበትን ዛፍ ጻፉልኝ።