በመስታወት ላይ የሚያድግ የአልትራቫዮሌት ጋሻ

እንደ ጮሌና አሰላ ባሉ የአርሲ ደጋ ከተሞች አየሩ ቀዝቃዛ በመሆኑ የፀሐይ ጨረርም የደከመ ይመስለናል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። በ1000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ስለሚሳሳ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሰላ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች።

ተራ የመስኮት መስታወት ከዚህ ጨረር በሚገባ የሚያግደው የሞገድ ርዝመቱ ከ320 ናኖሜትር በታች የሆነውን ነው። ከዚያ በላይ እስከ 400 ናኖሜትር ያለው አብዛኛው ያልፋል። በመስኮት አጠገብ የሚቀመጡ ፎቶግራፎች፣ መጋረጃዎችና መጻሕፍት ቀለማቸው ከሚደበዝዝባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ከሚያገለግሉ ውሁዶች አንዱ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። በውስጡ ያለ ኤሌክትሮን ወደ ላይኛው የኃይል ደረጃ ለመዝለል 3.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህም የሞገድ ርዝመቱ 375 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ጨረር የሚሸከመው ኃይል ነው። በመሆኑም ከዚያ ያጠረው ጨረር በሽፋኑ ሲዋጥ፣ የሚታየው ብርሃን ኃይሉ ስለማይበቃ ያልፋል። ከ375 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ጠባብ ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ አይታገድም።

ሽፋኑን ለማሳደግ ውድ የቫኪዩም መሣሪያ ግድ አይደለም። ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሜቲሊንቴትራሚን በውሃ ይሟሟሉ። ጥቃቅን የዚንክ ኦክሳይድ ዘሮች አስቀድመው የተለጠፉበት ንጹሕ መስታወት በሙሙቱ ውስጥ ተነክሮ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ሁለተኛው ውሁድ በሙቀቱ ቀስ በቀስ እየፈረሰ አሞኒያ ስለሚለቅ የሙሙቱ አሲድነት ይቀንሳል፤ ዚንክ ኦክሳይዱም በዘሮቹ ላይ ያድጋል። ሂደቱ ከፈጠነ ግን ኦክሳይዱ በመስታወቱ ላይ በመጣበቅ ፈንታ ከዕቃው ሥር ይዘቅጣል። ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ጋዝም ስለሚወጣ ሥራው በመምህር ክትትል፣ ጋዝ በሚያስወግድ ቦታ መከናወን አለበት።

እዚህ ላይ የከፍታ ነገር ዳግመኛ ይነሣል። በአሰላ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በባሕር ወለል ላይ ለ95 ዲግሪ የተጻፈን መመሪያ እንዳለ ብንከተል ሙሙቱ ይፈላል፤ አረፋውም ሽፋኑን ያበላሻል። ሙቀቱን ወደ 85 ዲግሪ አውርደን ሰዓቱን ብናረዝም ይሻላል። ጋሻውን ይበልጥ ያስፈለገን ከፍታ አሠራሩንም ይለውጣልና፣ በደጋ የሚሠራ ተማሪ አስቀድሞ የሚለካው በአካባቢው ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት ነው።