መጋዘን የሞላ እቃ ሁሉ ሀብት አይደለም
የመለዋወጫ ነጋዴ ምን ይያዝ? ምን ይልቀቅ?

ሶማሌ ተራ ከሚገኙት የመኪና መለዋወጫ ሱቆች አንዱ ደጃፍ ላይ ደንበኛ ቆሞ የፍሬን ሸራ ይጠይቃል። ሻጩ መደርደሪያውን ያያል፤ ልጁን ወደ መጋዘን ይልካል። ልጁ «አልቋል» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። ደንበኛውም ሦስት ሱቅ አልፎ ይገዛል። በዚያው መጋዘን ውስጥ ግን ከመንገድ ከወጣ ሞዴል ላይ የሚገጠም ጓርኒሲዮን በካርቶን ላይ ካርቶን ተደራርቦ አቧራ ጠጥቷል። ነጋዴው ገንዘብ አላጣም፤ ገንዘቡ የተቀመጠው ፈላጊ በሌለው እቃ ውስጥ ነው።

እቃ ይዞ መቆየት በመርካቶ የቆየ ብልሃት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ጊዜ ጥሬ ገንዘብ የያዘው ሲጎዳ እቃ የያዘው ተጠቀመ። ከዚህ ብዙዎች የወሰዱት ትምህርት «ምንም ይሁን ምን እቃ ያዝ» የሚል ነው። ትምህርቱ ግን ግማሽ እውነት ነው። የተጠቀመው የሚሸጥ እቃ የያዘ ነው። ፈላጊ የሌለው እቃ ዋጋው በወረቀት ላይ በእጥፍ ቢጨምር፣ ገዢ እስካልመጣ ድረስ ኪራይ ከመብላት ሌላ የሚሰጠው የለም። በባንክ ብድር የተገዛ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ እቃ በ18 በመቶ ወለድ ቢታሰብ በዓመት 360 ሺህ ብር ያስወጣል። የመጋዘን ኪራይና የጥበቃ ደመወዝ ገና አልተደመረም።

ሦስቱ ምድቦች

የሚሸጠውን ከማይሸጠው ለመለየት በዓለም ላይ የተለመደው ዘዴ እቃን በሦስት መመደብ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1951 ለንባብ ያበቃው የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባልደረባ ፎርድ ዲኪ ነው። መነሻው ደግሞ የሀብት ክፍፍልን ያጠናው ጣሊያናዊ ቪልፍሬዶ ፓሬቶ ነው፤ ብዙው ሀብት በጥቂቶች እጅ እንደሚገኝ ሁሉ ብዙው ሽያጭም ከጥቂት የእቃ ዓይነቶች ይገኛል።

አሠራሩ ደብተርና ካልኩሌተር ብቻ ይጠይቃል። የእያንዳንዱ ዓይነት የዓመት ሽያጭ ብዛት በመግዣ ዋጋው ይባዛል፤ ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረደራል። ለምሳሌ ያህል 200 ዓይነት እቃ ያለው፣ በዓመት የ10 ሚሊዮን ብር እቃ የሚያንቀሳቅስ ሱቅ ይወሰድ። 30ዎቹ ዓይነቶች 7.5 ሚሊዮን ብር ቢይዙ «ሀ» ይባላሉ። ቀጣዮቹ 60 ዓይነቶች 2 ሚሊዮን ብር ይዘው «ለ» ይሆናሉ። የቀሩት 110 ዓይነቶች ተደምረው ግማሽ ሚሊዮን ብር ብቻ ስለሚያንቀሳቅሱ «ሐ» ናቸው። ብዙ ሱቅ ውስጥ መጋዘኑን ያጣበበው ይኸው «ሐ» ነው።

ከዚህ በኋላ ጥበቃው እንደ ምድቡ ይለያያል። «ሀ» በየወሩ፣ «ለ» በየሩብ ዓመቱ፣ «ሐ» በዓመት አንዴ ይቆጠራል። የ«ሀ» ትዕዛዝ ባለቤቱ ራሱ የሚወስነው ሲሆን የ«ሐ» ግን ለሠራተኛ ሊተው ይችላል።

ምደባው ዓይን የሚሻ ነው

በብር ብቻ መመደብ ግን ያሳስታል። ርካሽ ጓርኒሲዮን በመጥፋቱ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ሊቆም ይችላል፤ ባለመኪናው ያን ቀን ያጣውን እቃ ብቻ ሳይሆን ሱቁንም ይረሳል። ስለዚህ በብር «ሐ» ሆኖ መኪና የሚያቆም እቃ ተለይቶ ሁልጊዜ በእጅ መኖር አለበት።

ምደባው በየጊዜው ካልታደሰም ያረጃል። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም የዘይት ፊልትሮም የለውም። ቀደም ብለው የገቡት መኪኖች ገና ዓመታት ስለሚያገለግሉ ገበያው በአንድ ጊዜ አይዘጋም። ይሁን እንጂ ለአምስት ዓመት የሚበቃ ካንዴላ ዛሬ የሚከምር ነጋዴ ሊያስብበት ይገባል። ፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታና ጎማ ግን ለሁለቱም ዓይነት መኪና ያስፈልጋሉ።

መቼ ይታዘዝ?

«ሲያልቅ ይታዘዛል» የሚለው ልማድ ከአስመጪ በአምስት ቀን ለሚገዛ ሰው ላይጎዳ ይችላል። ራሱ ለሚያስመጣ ግን ኤልሲ መክፈቱ፣ የባሕር ጉዞው፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብና ጉምሩክ ተደምረው ወራት ይወስዳሉ። በወር 150 ጥንድ ፍሬን ሸራ የሚሸጥና እቃው በሦስት ወር የሚደርስለት ነጋዴ በመንገድ ላይ ላለው ጊዜ 450 ጥንድ ያስፈልገዋል። የአንድ ወር መጠባበቂያ፣ ማለትም 150 ጥንድ ሲጨመር 600 ይሆናል። እንግዲህ በእጁና በመንገድ ያለው ተደምሮ 600 ሲደርስ ማዘዝ አለበት፤ 100 እስኪደርስ ከጠበቀ ደንበኛውን ለጎረቤት ሱቅ ሰጥቷል።

የመጋዘኑ አቀማመጥ

ቦታ ሲደለደል ዋናው ጥያቄ እቃው ስንት ጊዜ ይነሳል የሚለው ነው እንጂ ስንት ብር ያወጣል አይደለም። በቀን ደጋግሞ የሚነሳው ፊልትሮ በበሩ አጠገብ፣ ከወገብ እስከ ትከሻ ከፍታ ይቀመጣል። ከባዱ ባሌስትራ መሬት ላይ፣ ውድና ትንሽ የሆነው እቃ ደግሞ በቁልፍ ይያዛል። ቺንጊያና ሌሎች የጎማ እቃዎች በዕድሜ ስለሚደርቁ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። እያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ የገባውና የወጣው የሚጻፍበት ቢን ካርድ መንጠልጠል ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

መተላለፊያ በካርቶን መድፈን ደግሞ ከአደጋ ሁሉ የከፋ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው የእሳት ቃጠሎ፣ ሀብትን በሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር መከመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል። «ሀ»ውን በሁለት ቦታ መክፈልና መድን መግባት ይህን ሥጋት ይቀንሳል።

ጉዳዩ ሱቅ ከነእቃው ለሚገዛ ባለሀብትና ለሚያገናኘው ደላላም ይጠቅማል። «የ5 ሚሊዮን ብር እቃ አለው» ሲባል መጠየቅ ያለበት ከዚህ ውስጥ ባለፉት 12 ወራት አንድም ያልተሸጠው ስንት ነው የሚለው ነው። የዋጋ ድርድሩ ከዚያ ይጀምራል።

የሞተ እቃ ያለበት ነጋዴ የሚሻለው በቅናሽም ቢሆን ለክፍለ ሀገር ቸርቻሪ ወይም ለጋራዥ ሸጦ ገንዘቡን ወደ «ሀ» ማዞር ነው። ብር ቢረክስ እንኳ መልሶ የሚያስገዛው በየቀኑ የሚሸጠው እቃ ነው። ለነገ ዋጋ ብሎ የማይሸጠውን አቅፎ የዛሬውን ደንበኛ የሚሸኝ ግን፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል።