ከዘፋኙ ጀርባ ማን አለ?

አስቴር አወቀ ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ድምፃዊት ናት። ከአገር ከመውጣቷ በፊት ከሸበሌና ከአይቤክስ ባንዶች ጋር ዘፍናለች፤ አሊ ታንጎ (አሊ አብደላ ካይፋ) ካሴቶቿን አሳትሞላታል። የዚያን ዘመን ካሴት ያስቀመጠ ሰው ግን ጊታሩን ማን እንደመታው፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ከልባሱ ላይ አያገኝም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው የዘፋኙና የአሳታሚው ስም ነው፤ ቢበዛ የባንዱ ይጨመራል።

ምክንያቱ አለው። ብዙ ባንዶች በሆቴል ወይም በመንግሥት ተቋም ሥር ነበሩ። የክብር ዘበኛ ወይም የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ሙዚቀኛ ደሞዝተኛ በመሆኑ የግል ስሙ በተቋሙ ስም ተውጦ ይቀር ነበር። ሙዚቀኞቹም ከባንድ ባንድ ይዘዋወሩ ስለነበር የባንዱን ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ የአጃቢዎቹ ፍለጋ በሸክላ ዘመን ሥራዎች ላይ የሚጀምረው ከሸክላው ቁጥር ነው። የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች «ኤኢ»፣ የአሊ ታንጎ ካይፋ ሪከርድስ ደግሞ «ኬኤፍ» በሚሉ የላቲን ፊደላት ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ ሸክላው በየትኛው ጊዜ እንደወጣ ይጠቁማል። ቀጥሎ ጆሮ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ላይ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጎን ቫይብራፎን ይሰማል፤ የመታው በእንግድነት የገባው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ግን በቀረጻው ላይ የነበረ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተሰኙትን ተከታታይ ሲዲዎች ሲያዘጋጅ ባለሙያዎቹን ራሳቸውን አነጋግሯል።

የባንድ ስም ሊያሳስት ይችላል። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ የቀረጸበት «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» ባንድ በስሙ ኢትዮጵያዊ ይሁን እንጂ ከእሱ ጋር የተጫወቱት በአብዛኛው የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ባንድ «ዘ መንኪስ» ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ ያለውን መሣሪያ በብዛት የተጫወቱት ቅጥር የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ናቸው። የባንዱ አባላት በቴሌቪዥን ጊታር ይዘው ስለታዩ፣ ሕዝቡ እውነቱን ሲያውቅ ብዙ አነጋገረ። እኛ ዘንድ ግን በጊዜው የጠየቀ ብዙ ስላልነበረ ነገሩ እንዲህ አላነጋገረም።

ጎንደር ውስጥ የዘፋኝና የአጃቢ ጥምረት ከሸክላም ይቀድማል። እንደ ቡርቧክስ ካሉ የአዝማሪ መንደሮች በሚወጡ ጥንዶች ዘንድ ባል ማሲንቆ ሲመታ ሚስት ታዜማለች። ካሴቱ በዘፋኟ ስም ከወጣ የደጋኑ ባለቤት ይረሳል። የፋሲለደስ ኪነት ቡድን አባላትም ሥራቸው በቡድኑ ስም ይታወቃል እንጂ ከበሮውን ማን መታ፣ ክራሩን ማን ደረደረ የሚለውን የሚያስታውሱት የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ የቆየ ካሴት ካለ፣ የተጫወተውንም የሚያውቅ ሰው በአጠገብህ ካለ፣ ዛሬውኑ ጠይቀህ ስሙን ከነመሣሪያው ልባሱ ላይ ጻፍ።