የእማማ አዲሱ ዳሌ እንዳይላላ

እናትዎ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ተተክሎላቸው ወደ ደጀን ተመልሰዋል እንበል። እንቅልፍ የነሳቸው ሕመም ጠፍቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ገበያ ይወጣሉ። «ከዳንኩ ወዲያ ምን ሐኪም ቤት ያመላልሰኛል?» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ የዓባይን በረሃ ማቋረጥም ቀላል አይደለም። ቤተሰቡ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ በተተከለው አካል ዙሪያ ያለው አጥንት ምንም ሳያም ለዓመታት ሊሳሳ ይችላል።

እንዴት? እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያስፋፋው ዘዴ የብረት ኳስ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲዞር ያደርጋል። ዛሬም ብዙ ተከላዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። በእርምጃ ብዛት ከፕላስቲኩ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይፋቃል። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ብናኙን ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። በዚህ ጊዜ የሚያመነጩት ኬሚካል አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። ውሎ አድሮ አጥንቱ ይሳሳል፣ የተተከለው ይላላል፤ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይመጣል። እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ተመራማሪዎች መፍትሔ የሚፈልጉት በናኖ ቁሶች ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የተተከለውን ቲታኒየም የአጥንትን ማዕድን በሚመስል ረቂቅ ቅንጣት ይለብጡታል፤ ወይም ገጹ ላይ ጥቃቅን ቱቦዎች ፈጥረው የአጥንት መሳሳትን የሚገታ መድኃኒት ይሞሉባቸዋል። ዓላማው አጥንቱ ብረቱን አጥብቆ እንዲይዝና እንዳይሸሽ ነው። አብዛኛው ሥራ ገና በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ነው። በጨረር የጠነከረው ፕላስቲክ ግን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎ መፋቁን በእጅጉ ቀንሷል።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት እንደሚለው ከ100 የዳሌ ተከላዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ አይስጉ፤ ክትትሉን ግን አያቋርጡ።

• የቀዶ ጥገናውን ወረቀትና የቀድሞውን ራጅ በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። ሐኪሙ መሳሳቱን የሚያየው የድሮውን ከአዲሱ ሲያስተያይ ነው።
• ራጅ በየስንት ጊዜው እንደሚያስፈልግ ሐኪሙን ይጠይቁ። ደብረ ማርቆስ ተነስቶ ለእሱ መላክ ይቻል እንደሆነም ያረጋግጡ፤ መንገዱ ያጥራል።
• ሲነሱ ብሽሽታቸውን ወይም ጭናቸውን ካመማቸው፣ ማነከስ ከጀመሩ፣ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት።
• ትኩሳት ካለ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው።