ወረቀቱ ‹‹ፈርማለች›› ይላል፤ እሷስ ምን ትላለች?

በ1975 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሥር የሜክሲኮ ተወላጅ እናቶች በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ክስ መሠረቱ፡፡ በካውንቲው የሕዝብ ሆስፒታል ለመውለድ በገባንበት ጊዜ፣ በቅጡ ሳንረዳና ሳንፈቅድ፣ ዳግመኛ እንዳንወልድ ተደርገናል የሚል ነበር ክሳቸው፡፡ በሆስፒታሉ ፋይል ውስጥ ግን የበርካታዎቹ ፊርማ ይገኛል፡፡ በ1978 ዳኛው ነገሩ በሐኪምና በታካሚ መካከል የተፈጠረ አለመግባባት ነው ብለው በሴቶቹ ላይ ፈረዱ፡፡

ሴቶቹ የሚናገሩት ታሪክ ሌላ ነው፡፡ ምጥ ይዟቸው ሳለ፣ በማያነቡት የእንግሊዝኛ ቋንቋ የተጻፈ ቅጽ እንዲፈርሙ ተደርገዋል፡፡ ምን እንደተደረገባቸው ያወቁት ከብዙ ጊዜ በኋላ የሆኑም አሉ፡፡

ይህን ጉዳይ ያነሳሁት ስለ ሕክምና ለመጻፍ አይደለም፡፡ ታሪክ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ እንዴትስ እንደሚጠፋ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ስላላገኘሁ ነው፡፡ ነገሩ ፋይሉ ብቻ ሲቀር ታሪኩ ‹‹ፈርማለች›› የሚል ይሆናል፡፡ ቀሪውን የሚናገር ሌላ ወረቀት የለም፡፡

በአሜሪካ ትውልዳቸው ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከኩባና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የሚመዘዝ ሴቶች ላቲና ይባላሉ፡፡ ብዙዎቹ በልብስ ስፌት፣ በምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ፣ በእርሻና በሰው ቤት ሥራ ኖረዋል፡፡ ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር ሲገኝም ጸሐፊው አሠሪው፣ ፖሊሱ ወይም ሐኪሙ ነው፡፡ ይህን ክፍተት ለመሙላት ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ቆይቷል፤ የቃል ታሪክና ፖርትሬት፡፡

ለመሆኑ የቃል ታሪክ ከተራ ቃለ ምልልስ በምን ይለያል? ጋዜጠኛ ለዛሬው ዜናው የሚሆነውን ጥቅስ ይፈልጋል፡፡ የቃል ታሪክ ሰብሳቢ ግን ከልጅነት ጀምሮ መላ ሕይወትን ይጠይቃል፤ ተናጋሪዋ ያሻትን ያህል እንድትተርክ ይታገሳል፡፡ ድምጿ በራሷ ቋንቋ ይቀረጻል፣ በጽሑፍ ይገለበጣል፣ በፈቃዷ በቤተ መዛግብት ይቀመጣል፡፡ ለምሳሌ ያህል በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን፣ ፕሮፌሰር ማጊ ሪቫስ ሮድሪጌዝ በ1999 የጀመሩት ‹‹ቮሴስ›› (ድምፆች) የተባለ ፕሮጀክት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩ የላቲኖ ወንዶችንና ሴቶችን ትዝታ ሲሰበስብ ቆይቷል፡፡

ኤማ ቴናዩካን እንውሰድ፡፡ በ1938 በሳን አንቶንዮ ከተማ ፒካን የተባለውን ለውዝ መሰል ፍሬ የሚፈለፍሉ ወደ 12 ሺሕ የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ክፍያችን ተቀነሰ ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከፊት የነበረችው የ21 ዓመቷ ኤማ ነበረች፡፡ በኋላ በከተማዋ መኖር አላስችል ብሏት ተሰደደች፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ በመምህርነት አገለገለች፡፡ በ1987 ቃሏ በቴፕ ተቀረጸ፡፡ በ1999 ስታርፍ ድምጿ ቀርቷል፡፡ ከእሷ ጋር ፍሬ የፈለፈሉት የአብዛኞቹ ግን የለም፡፡

ፖርትሬት ደግሞ ድምፅ የማይደርስበትን ይይዛል፡፡ ሠዓሊዋ ዮላንዳ ሎፔዝ በ1978 የራሷን፣ የእናቷንና የአያቷን ምስል በሜክሲኮ እጅግ በምትከበረው በጓዳሉፔ ማርያም ሥዕል አምሳል ሠራች፡፡ እናቲቱ የስፌት መኪና ላይ አቀርቅራ ከዋክብት የፈሰሱበትን ሰማያዊ ካባ ትሰፋለች፤ ዙሪያዋን የብርሃን ጸዳል ከቧታል፡፡ አያቲቱ ተቀምጣለች፡፡ ይህን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው መኪናው ላይ ነው፡፡ ሠዓሊዋ እናቷን ለማክበር ከሥራዋ አላስነሳቻትም፤ ጸዳሉን ወደ ሥራዋ አመጣችላት እንጂ፡፡

ሁለቱም መንገዶች ጥንቃቄ ይሻሉ፡፡ ትዝታ ቀንና ቁጥር ያሳስታል፤ ስለዚህ ቃሉ ከሰነድ ጋር መመሳከር አለበት፡፡ ከሁሉ በላይ ግን የተናጋሪዋ ፈቃድ ነው፡፡ ለቤተሰቧ እንኳ ያልነገረችውን እንድትናገር የምትጠየቅ ሴት፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው አስቀድማ ማወቅ፣ ካልፈለገችም እምቢ ማለት መብቷ ነው፡፡ በማታነበው ወረቀት ላይ የፈረመችን ሴት ታሪክ ለማዳን ሌላ ያልገባትን ወረቀት ማስፈረም ያው በደሉን መድገም ይሆናል፡፡

የሎስ አንጀለሶቹን ሴቶች ታሪክ ያጠናችው ቪርጂኒያ ኤስፒኖ ከፊልም ሠሪዋ ረኔ ታጂማ ፔኛ ጋር ሆና፣ አንዳንዶቹ በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበትን ‹‹ኖ ማስ ቤቤስ›› የተባለ ዘጋቢ ፊልም በ2015 ለዕይታ አበቃች፡፡ በ2018፣ ፍርዱ ከተሰጠ ከ40 ዓመት በኋላ፣ የካውንቲው አስተዳደር ይቅርታ ጠየቀ፡፡ ፊልሙ ብቻውን ይቅርታውን አመጣ ለማለት አልደፍርም፡፡ በፋይሉ ውስጥ ግን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልተጻፈም ነበር፡፡ ይቅርታ የተጠየቀው ሴቶቹ በተናገሩት ነው፤ የተናገሩትም በሕይወት ሳሉ የሚጠይቃቸው ሰው ስላገኙ ነው፡፡