የመርሳት ሕሙማን በራጅና በጨረር ክፍል

ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ዓይን የማያየውን ጨረር ካገኘ ወዲህ የሰው ልጅ ሥጋውን ሳይቀድ አጥንቱንና ሳንባውን ለመመልከት ቻለ፤ ከ11 ዓመት በኋላም የአገሩ ሰው ሐኪሙ አሎይስ አልትስሃይመር፣ ትዝታን ቀስ በቀስ የሚነጥቀውንና ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ደዌ ለሐኪሞች ጉባኤ ገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል የመርሳት ሕሙማን እንደ ነበሩና ከነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ስለሚገምት፣ ዳሌው ተሰብሮ ወይም ነቀርሳ ይዞት ወደ ምርመራ የሚመጣ አረጋዊ አእምሮውም አብሮ የታመመ ሆኖ ቢገኝ እንግዳ ነገር አይደለም።

የምርመራውም ሆነ የሕክምናው መሣሪያ ከሕመምተኛው የሚሻው ሦስት ነገር ነው፤ ሳይነቃነቁ መተኛት፣ የታዘዙትን መፈጸምና ብቻን መሆን። ሲቲ ስካን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ኤምአርአይ ግን በጠባብ ዋሻው ውስጥ፣ ጆሮ በሚያደነቁር ድምፅ መካከል፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ያስተኛል። የጨረር ሕክምና ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል፤ ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት በየቀኑ ይመላለሳል፣ ሕክምናው በጭንቅላቱ ወይም በአንገቱ ላይ ከሆነም ፊቱ በፕላስቲክ ጭምብል ከአልጋው ጋር ይያያዛል፣ ባለሙያውም ከወፍራም ግንብ ወዲያ ሆኖ በካሜራ ይመለከተዋል እንጂ አጠገቡ አይቆምም። ትናንት የተነገረውን ምክንያት ዛሬ የዘነጋ ሰው ይህን ሁሉ እንደ እስራት ቢቈጥረው አይፈረድበትም።

ስለዚህ የብሪታንያ የራዲዮግራፈሮች (የራጅና የጨረር ባለሙያዎች) ማኅበርና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ መርሳት ሕሙማን አያያዝ ለሙያው ሰዎች የተለየ መመሪያ አወጣ። መልካም ባለሙያ ሕመምተኛውን ተራ አያስጠብቅም፤ ጸጥ ያለ ሰዓት ይመርጣል፤ ራሱን በስሙ አስተዋውቆ በአጭር ቃል አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፣ መልሱንም በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ለተከታታይ ሕክምናም በተቻለ መጠን ያው ፊት፣ ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት እንዲሆን ያደርጋል፤ ፈቃድንም አንድ ጊዜ ስለ ተቀበለ እንደ ጨረሰ ሳይቈጥር በየዕለቱ በትሕትና ይጠይቃል። ማደንዘዣ በአረጋዊው ላይ ግራ መጋባትን ሊያባብስ ስለሚችል በቀላሉ አይታሰብም። ሐኪሙም በበኩሉ ምርመራው በእርግጥ ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ የምልልሱም ቍጥር ሊያንስ ይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመዝናል፤ ወደ አጥንት የተዛመተ ነቀርሳ የሚያመጣውን ሥቃይ ለማስታገሥ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን የሚሰጥ ጨረር ይበቃልና።

ለምሳሌ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ በካስተም ገበያ የሚነግድ ኢትዮጵያዊ አረጋዊት እናቱን ይዞ የጨረር ሕክምና ቢሻ ፈተናው ይደራረብበታል። ከደቡብ ሱዳን ብዙ ሕሙማን ለጨረር ሕክምና ወደ ኡጋንዳ፣ ወደ ካምፓላ ይሻገራሉ፤ በመኪና የሚሄድ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀውን፣ ከጁባ እስከ ድንበሩ ከተማ ኒሙሌ 192 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን አስፋልት ይጓዛል፤ አዲስ አበባን የመረጠም ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ለረጅም ዘመን በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በዚሁ ብቻ ነበር። ጉዞው ራሱ ሕመምተኛዋን ያደክማል፤ የመርሳት በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩትን ቋንቋ አስቀድሞ ይወስዳልና፣ በጁባ ዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚነገራት ትእዛዝ ላይገባት ይችላል። በአንገቷ ማተብ ላይ ያለው የብረት መስቀል ለኤምአርአይ መውለቅ አለበት፤ ነገር ግን እንግዳ እጅ ድንገት ቢያወልቀው ሃይማኖቷን እንደ ቀማት ልትቈጥረው ስለምትችል፣ ልጇ አስረድቶ በገዛ እጁ ቢያወልቅላትና እስክትወጣ ቢጠብቅላት ይሻላል። በአካሏ ውስጥ የልብ መሣሪያ ወይም ብረት መኖሩንም የሚናገርላት እርሱ ነው።

እንግዲህ አስታማሚ ሆይ፣ ሕመምተኛዋ እማማ ወይም እትዬ ሲሏት የምትሰማ እንደ ሆነ፣ የምትረዳውን ቋንቋ፣ የምትፈራውንና የሚያረጋጋትን መዝሙር፣ የምትወስደውን መድኃኒትና በአካሏ ያለውን ብረት በአንድ ወረቀት ጽፈህ ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር ለባለሙያው ስጥ፤ ባለሙያውም መሣሪያውን ከማስነሣቱ በፊት ያንብበው።